ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንቸል ለሥጋ፦ የአንድ የአድአ ቤተሰብ እርባታ

ስለ ጥንቸል እርባታ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከቁጥር ነው። «አንዲት እናት በወር ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ ስምንት ትጥላለች፤ በዓመት ከዘጠና በላይ ትሆናለች» እያለ ያባዛል። ስሌቱ በወረቀት ላይ አይከፋም። ከዚህ በታች የማቀርበው ግን በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ በአድአ የሚኖሩት የአክስቴ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንቸል ለሥጋ ሲያረቡ የሆነውን ነው። እኔ በእንስሳት ጤና ሙያ ላይ ስለምሠራ የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ካለቁ በኋላ ጠሩኝ፤ ከዚያ ወዲህ መዝገቡን አብሬያቸው እይዛለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሥራቸው ለሌላው ይጠቅም ዘንድ እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ይህን እርባታ ያንገዳገደው ጥንቸል ቶሎ አለመውለዷ አይደለም። አንደኛው ችግር ግልገሎቹ ከተወለዱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ሁለተኛውና ትልቁ ደግሞ ሥጋውን ማን እንደሚበላው ሳይታወቅ ጋጣው መሠራቱ ነው።

ቤተሰቡ ጤፍና ሽምብራ ያመርታል፤ ጥቂት የወተት ላሞችና የእንቁላል ዶሮዎችም አሉት። ሐሳቡን ያመጣው ከኮሌጅ ተመርቆ ወደ ቤት የተመለሰው ታላቁ ልጅ ነው። ለላሞቹ የሚዘራ አልፋልፋ አለ፣ ፍሩሽካ ከቤት አይጠፋም፣ የጤፍ ጭድ ሞልቷል። ጥንቸል ትንሽ ቦታ ይበቃታል። የአንድ ጊደር ዋጋ ሳይጠይቅ የሚጀመር ሥራ ነው ብሎ አንድ ወንድና አራት ሴት ከአዲስ አበባ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ንጹሕ ኒውዚላንድ ነጭ» ብሎ ነበር የሸጠለት። ሁለቱ ግን አፍንጫቸውና ጆሯቸው ጫፍ ላይ ጥቁር ነበረባቸው፤ ካሊፎርኒያ የሚባለው የሌላው የሥጋ ጥንቸል ዝርያ ደም አለባቸው ማለት ነው። ቅልቅል መሆኑ በራሱ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ድቅሎች ብዙ ጊዜ ጠንካሮች ናቸው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የሁለቱም ዝርያ ያደገ ጥንቸል ከ4 እስከ 5 ኪሎ መመዘን ሲገባው የእነሱ እናቶች ከ3 ኪሎ ተኩል አላለፉም። ወንዱም ከሁለቱ ሴቶች ጋር የአንድ እናት ልጅ ሆኖ ተገኘ። በአገራችን የሚሸጠው የዘር ጥንቸል አብዛኛው መዝገብ የሌለው ስለሆነ እናትና አባቱን ጠይቆ የሚያውቅ ገዢ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ወንዱን ሁልጊዜ ከሌላ ቤት፣ ከሴቶቹ ርቆ ካለ አርቢ መግዛት ያስፈልጋል እላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ልጁ ጥንቸል ማርባቱን የሰማ ጎረቤት ከማሳ ዳር የያዛትን የዱር ጥንቸል ግልገል «ከእነዚህ ጋር ትዳቀልልህ» ብሎ አምጥቶለት ነበር። አይሆንም። የአገራችን የዱር ጥንቸልና የቤት ጥንቸል የሩቅ ዘመዳሞች እንጂ አንድ እንስሳ አይደሉም፤ አይዳቀሉም። የቤቷ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የመጣች ናት። የዱሯ ግልገል ጸጉር ለብሳ፣ ዓይኗን ገልጣ ትወለዳለች። የቤቷ ደግሞ ዕራቁቷን፣ ዕውርና ደንቆሮ ሆና ትወለዳለች። ይህ ልዩነት ተራ ወሬ አይደለም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁ የመጀመሪያው የግልገል ኪሳራ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ወሊድ

በመጀመሪያ አምስቱንም ጥንቸሎች በአንድ አጥር ውስጥ መሬት ላይ ለቀቋቸው። ዶሮ እንደሚለቀቀው ማለት ነው። ሴቶቹ ተናከሱ፣ አፈር እየቆፈሩ ጉድጓድ ገቡ፣ ማን መቼ እንደተጠቃች፣ ማለትም ወንድ እንዳገኛት፣ የሚያውቅ ጠፋ። ልጁ ይህን ሲያይ የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጦ፣ ከላይ ቆርቆሮ መትቶ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ያለ የሽቦ ወለል ቤት ሠራላቸው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ኩስና ሽንቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጥንቸሏ ንጹሕ ትሆናለች። ግን ከመካከላቸው አንዷ ያን ጊዜ አርግዛ ነበር። የመውለጃ ሳጥን ስላልገባላት ሌሊት ሽቦው ላይ ወለደች። ጠዋት ሲመጡ ከፊሎቹ በሽቦው ቀዳዳ ሾልከው መሬት ላይ ወድቀዋል፤ የቀሩትም እላይ ሆነው በብርድ ደርቀዋል። የቢሾፍቱ ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ይበርዳል። ጸጉር የሌለው፣ 50 ግራም ገደማ የሚመዝን ግልገል ያን ብርድ ጥቂት ሰዓት እንኳ አይችለውም። ድመት ልጇን በአንገቷ አንጠልጥላ ትመልሳለች፤ ጥንቸል ግን ከጎጆው የወጣ ልጇን አትመልስም። አክስቴ «ይቺ አውሬ ናት እንጂ እናት አይደለችም» ብለው አዘኑ። እናቲቱ ግን ምንም አላጠፋችም። ጎጆ አልተሰጣትም።

ሁለተኛዋ ስትወልድ ሳጥን ነበራት። ሰባት ወለደች፤ የሆዷን ጸጉር ነጭታ ሸፈነቻቸው። ቤተሰቡ ተደሰተ። ከዚያ ጭንቀት መጣ፦ ቀኑን ሙሉ ቢጠብቁ እናቲቱ ወደ ሳጥኑ ድርሽ አትልም። ከሳጥኑ ርቃ ጥግ ላይ ተኝታ ታኝካለች። «ጥላቸዋለች» ተባለ። ልጆች እየተንጠራሩ ሳጥኑን ይከፍታሉ፣ ጎረቤትም ሊያይ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ግልገሎቹን አውጥተው በካርቶን አድርገው ወደ ምድጃው አስጠጓቸውና የላም ወተት በመርፌ ሲሪንጅ ያጠቧቸው ጀመር። እኔ የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱ በሕይወት ነበሩ፤ እነሱም አላደሩም።

ይህን በዝርዝር የምጽፈው በየቦታው ስለሚደገም ነው። ጥንቸል ልጆቿን የምታጠባው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ በአብዛኛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ገና ሳይነጋ፣ ያውም ለሦስት እስከ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ትታቸው ትሄዳለች። በዱር ስትኖር አውሬ ሽታዋን ተከትሎ ጎጆውን እንዳያገኝ የምታደርገው ነው። ወተቷ ከላም ወተት ይልቅ በስብም በፕሮቲንም ሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ የጠጣ ግልገል ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። የላም ወተት በሲሪንጅ መስጠት ግልገሉን ወይ ያስርበዋል ወይ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል።

ታዲያ መጥባቱ በምን ይታወቃል? በሆዱ። ከዚያ ወዲህ የአክስቴ ምራት የምታደርገውን ላሳያችሁ። ጠዋት እጇን ትታጠባለች፤ ሳሙናው ሽታ የሌለው ነው። መጀመሪያ እናቲቱን ትዳስሳለች፣ ሽታዋ እጇ ላይ እንዲቀር። ለእናቲቱ እፍኝ አልፋልፋ ታስቀምጥላትና ሳጥኑን ታወጣለች። ጸጉሩን ገለጥ ስታደርግ ግልገሎቹ በአንድ ላይ ተቆላልፈው ይንቀጠቀጣሉ። አንዱን ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች፦ የጠባው ሆዱ ከበሮ ሆኖ ተነፍቷል፤ በስስ ቆዳው ውስጥ ነጩ ወተት ወለል ብሎ ይታያል። ያልጠባው ቆዳው ተጨማድዷል፣ ሆዱ ሰርጉዷል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። የሞተ ካለ ታወጣለች፤ የረጠበ ጭድ ትቀይራለች፤ ጸጉሩን መልሳ ትከድናለች። አበቃ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው አይነካውም። ይህች ሴት ከብት ጠብቃ አላደገችም፤ የከተማ ልጅ ናት። እርባታውን ከሞት ያወጣው ግን የእሷ ጠዋት ጠዋት ሆድ ማየት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሳጥኑም ተስተካከለ። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር ገደማ፤ እናቲቱ ገብታ መዞር የምትችልበት ያህል ብቻ። ሰፊ ሲሆን ውስጡ ትተኛበታለች፣ ትሸናበታለች። ወለሉ የእንጨት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። የጤፍ ጭድ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል። እንደ ስንዴ ገለባ አይወጋም፣ ከእናቲቱ ጸጉር ጋር ይዋሐዳል፣ ሙቀት ይይዛል። አድአ ላይ ደግሞ በነጻ ነው። ሳጥኑ የሚገባው ከተጠቃች በ28ኛው ቀን ነው፤ እርግዝናው 31 ቀን ገደማ ስለሆነ። ቀድሞ ከገባ ታቆሽሸዋለች፤ ከዘገየ ሽቦው ላይ ትወልዳለች።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ የተጠቃችበት ቀን መጻፍ አለበት። ወንዱ ብቻውን ይኖራል፤ ሴቷ ወደ እሱ ትወሰዳለች እንጂ እሱ ወደ እሷ አይገባም። እሷ ቤት ከገባ ቤቷን ስትከላከል ትነክሰዋለች። ጥንቸል እንደ ላም የፍትወት ቀን ጠብቃ እንቁላል አትጥልም። እንቁላሉ የሚወርደው ከተጠቃች በኋላ አሥር ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ መጠቃቷ ራሱ ነው የሚያወርደው። የሆነ ሆኖ ሁልጊዜ አትቀበልም። ብልቷ ሐመር ከሆነ ትሸሻለች፤ ቀላ ካለ ጅራቷን ታነሣለች። ሥራው የሰከንዶች ነው፤ ወንዱ ወደ ጎኑ ዘፍ ሲል ያን ጊዜ ተሳክቷል ይባላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆዷን ሲዳስሱ የወይን ፍሬ የሚያህሉ ነገሮች ጣት ሥር ሲንሸራተቱ ይሰማል። ልጁ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል፤ ቆርቆሮ ላይ በጠመኔ ቀኑን መጻፍ ግን ወዲያው ለመደ።

አሁን ሁለት እናቶችን ሁልጊዜ በአንድ ቀን ያስጠቃሉ። አንዷ አሥር ብትጥል ሌላዋ አራት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ግልገል ማዘዋወር ይቻላል፤ ጸጉርና ሽታ ከተቀላቀለ እናቲቱ አትለይም። ጥንቸል ጡቷ ብዙውን ጊዜ ስምንት ነው። ዘጠነኛውና አሥረኛው ግልገል በራሱ ቤት ይሞታል፤ በሰው ቤት ይድናል።

መኖ፣ ሙቀት፣ በሽታ

ስለ መኖ ብዙ አልልም። ቤተሰቡ በዚህ በኩል ከብት የለመደ ስለሆነ ቶሎ ገብቶታል። ጠዋት ታጭዶ ጥላ ሥር ጠውልጎ የዋለ አልፋልፋ ማታ ይሰጣል፤ ጤዛ ያለበት ለጋ ሣር አይሰጥም። ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ በትንሹ ይጨመራል። አዲስ መኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለመዳል እንጂ በአንድ ቀን አይቀየርም። የአቮካዶ፣ የቲማቲምና የድንች ቅጠል ክልክል ነው፤ ቢሾፍቱ አካባቢ አቮካዶ በየግቢው ስላለ ለልጆች ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል። ውሃ ግን ተንቆ ነበር። የምታጠባ እናት በቀን አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። ውሃ ያጣች እናት ወተቷ ይደርቃል፣ ከባሰም የወለደቻቸውን ትበላለች። ሰው «ክፉ እናት» የሚላት ብዙ ጊዜ ጥሟት ነው።

ከባዱ ጊዜ ጡት ሲያስጥሉ ነው። አንድ ጊዜ ከ35 ቀን በኋላ ጡት የጣሉ ግልገሎች ተቅማጥ ይዟቸው ሆዳቸው ተነፋ። ቤት ውስጥ የነበረ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ተሰጥቷቸው ነበር፤ አሰሩ (ፋይበሩ) ትንሽ፣ ስታርቹ ብዙ ስለሆነ የጥንቸልን ትልቁን አንጀት ያበላሻል። የባሰው ቀጥሎ የተደረገው ነው፦ ለሰው የተገዛ አሞክሲሲሊን ተፈትቶ በአፋቸው ተሰጣቸው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ፔኒሲሊንና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በአፍ ሲሰጡ የጥንቸልን የአንጀት ጠቃሚ ጀርሞች ይጨርሱና መርዝ የሚያመነጩት እንዲፈሉ ያደርጋሉ። ከበሽታው ሊድኑ የሚችሉት በመድኃኒቱ ሞቱ። በኩሳቸው ላይ ባደረግነው ምርመራ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው በኩስ የሚተላለፍ የአንጀት በሽታ ተገኘ፤ መኖ ወለል ላይ እየተበተነ ከኩስ ጋር ይበሉ ስለነበር ነው። መኖው በሽቦ መደርደሪያ ከተሰቀለና ጡት የጣሉት ከእናቶቹ ከተለዩ በኋላ ጋብ ብሏል። የጆሮ እከክ መጥቶ ነበር፤ በቀላሉ ድኗል።

ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ወንዱን ጎዳው። ሴቶቹ ተጠቁ፣ አላረገዙም። ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ወንዱ ዘሩ ይሞታል፤ አዲስ ዘር እስኪያፈራ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ከቆርቆሮው በላይ ሰንበሌጥ ከደኑበት፣ ወንዱን ወደ ግራሩ ጥላ አዛወሩት።

ሥጋው የት ይሂድ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እስካሁን ያለው ሁሉ የሚማሩት ሙያ ነው፤ ይኼኛው ግን አይደለም።

አክስቴ የተዋሕዶ ምእመን ናቸው። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 «ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም» ተብሎ ከማይበሉት ተቆጥሯል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ጠብቃ ኖራለች። ልጁ ሐሳቡን ሲያመጣ ያሉት ይህን ነበር፦ «አርባ ልጄ፤ እንጀራህ ነው። በእኔ ድስትና በእኔ ቢላ ግን አይነካም።» ልጁም «እሺ እማዬ» አለ፤ ቃሉንም ጠበቀ። የተቸገረው ግን እዚህ ላይ ነው። የአገራችን ገበሬ ለሥጋ የሚያረባውን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀምሰው ቤቱ ነው። ዶሮው ባይሸጥ ለበዓል ይታረዳል፤ በጉ ገዢ ቢያጣ ቅርጫ ይገባል። ጥንቸል ግን ባልተሸጠ ቁጥር መኖ እየበላ ይቀመጣል። ቤቱ ገበያ ሊሆነው የማይችል እርባታ ኪሳራውን የሚያስታግስበት መሸሸጊያ የለውም።

ምራቷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ትበላለች፤ ለብቻዋ በገዛችው ድስት፣ ጓሮ ባለው ምድጃ ትሠራለች። ሥጋው ነጭ፣ ስቡ ጥቂት፣ ከዶሮ ደረት ጋር የሚመሳሰል ነው። ጎረቤት ያሉ ሙስሊሞችን ጠየቁ። በሱኒ ሊቃውንት ዘንድ በአብዛኛው የተፈቀደ ቢሆንም ሰዎቹ አልለመዱትም። ቢለምዱትም ሙስሊም ያረደው መሆን አለበት፤ የክርስቲያን እርድ አይበሉም። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ሥጋ ሊሸጥ ሲነሣ ማን ያርደዋል የሚለው ጥያቄ ገዢውን ለሁለት ከፍሎበታል።

ቀረ የተባለው የውጭ አገር ሰው የሚያርፍበት ሆቴል ነው። ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ናት፤ በሆራም በባቦጋያም በኩሪፍቱም ዳር ማረፊያ አለ። ልጁ አንድ ሆቴል ሄዶ የምግብ ቤቱን ኃላፊ አነጋገረ። ሰውየው ፈቃደኛ ነበር፤ ጥያቄው ግን ሦስት ነበር። በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ይምጣ፤ እያንዳንዱ ታርዶ ተገፎ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ይመዝን፤ የሐኪም ምርመራ ማኅተም ይኑረው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ቤተሰቡ ሊያሟላ አልቻለም። አራት እናት ያለው ቤት ግልገል የሚሸጠው በመንጋ በመንጋ ነው፤ አንድ ሳምንት አሥራ አምስት፣ ከዚያ ወር ሙሉ ባዶ። ክብደቱም አይደርስም፦ በጥሩ ፋብሪካ መኖ ጥንቸል በሦስት ወር ውስጥ ከ2 ኪሎ ትበልጣለች፤ በአልፋልፋና በፍሩሽካ ግን አምስት ወር ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ ታርዶ የሚገኘው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ 2 ኪሎ ያላት አንድ ኪሎ ትሰጣለች። ማኅተሙ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። የከተማው ቄራ ለከብትና ለበግ ለፍየል የተሠራ ነው፤ በዚያ ቢላና በዚያ መስቀያ ጥንቸል ይታረድ ብሎ መጠየቅ የሚቻል አይደለም፤ ተጠቃሚው ሕዝብ አይቀበለውም። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያየው ሰው ካለ አልስማማም፤ ሰው የሚበላውን የማክበር መብት አለው። መፍትሔው ለብቻው የሆነ የእርድ ቦታ ነው፤ እሱ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ አቅም አይደለም።

ታዲያ እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ከየት መጣ? ሥጋውን ማን ይበላል የሚለው ጥያቄ የሚያሳስበኝም ለዚህ ነው። ልጁ ግልገሎቹን ለዘር ሸጠ። ሊጀምሩ ለሚፈልጉ ሌሎች ወጣቶች፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ። ዋጋውም ከሥጋ ዋጋ በጣም ይበልጥ ነበር። በመጀመሪያ ደስ አለው፤ ትርፍ ታየ። ግን የገዙት ወጣቶች የሚሸጡት ለማን ነው? እነሱም ለሚጀምር ሌላ ሰው። ሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ የሚበላ ሰው ከሌለ የመጨረሻው ገዢ ጥንቸሉን ታቅፎ ይቀራል። በየከተማው በጉጉት ተጀምረው በዓመት በሁለት ዓመት የተዘጉ የጥንቸል ቤቶችን አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ የተዘጉት በበሽታ አይደለም፤ የዘር ገዢ ሲያልቅ ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው ተከፋ፤ በኋላ ግን ከእሱ የገዙትን ሁለት ልጆች ደውሎ ሲጠይቅ አንደኛው ጥንቸሎቹን በነጻ ሊመልስለት እንደሚፈልግ ነገረው። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ጀማሪ ሳይሸጥ በፊት «ማን ይበላልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሌለውን ይመልሰዋል። ይህ ልጅ ገንዘብ እያስፈለገው ያደረገው ስለሆነ አከብረዋለሁ።

ስሌቱን አብረን ሠራን። አንዲት እናት ስታረግዝ በቀን 150 ግራም ደረቅ መኖ ብንቆጥር በ31 ቀን ከ4 ኪሎ ተኩል በላይ ነው። ስታጠባ 350 ግራም ብንል በ35 ቀን 12 ኪሎ ይሆናል። ስድስት ግልገል ከጡት ማስጣያ እስከ 2 ኪሎ ድረስ፣ አንድ ኪሎ ለመጨመር አራት ኪሎ መኖ ቢፈጁ፣ ሌላ 30 ኪሎ በላይ ያስፈልጋል። በድምሩ ወደ 50 ኪሎ መኖ፣ ከ6 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ሥጋ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ስምንት ኪሎ መኖ ማለት ነው። ከስድስቱ ሦስቱ ቢሞቱ የእናትየዋ መኖ በሦስቱ ላይ ስለሚከመር አሥር ኪሎ ይደርሳል። የምራትየዋ የጠዋት ፍተሻ በብር የሚመነዘረው እዚህ ላይ ነው። ደግሞም አልፋልፋው ከላሞቹ አፍ የሚወሰድ ነው፤ «ከጓሮ ነው፣ ዋጋ የለውም» ማለት አይቻልም። በዚህ ወረቀት ላይ ሥጋው ገዢ ካለው እርባታው ያዋጣል፤ ከሌለው አንድ ግልገል እንኳ ከሚፈለገው በላይ ነው።

አሁን ያሉበት

እናቶቹ ሦስት ናቸው፤ ትንሿና ሁለት ጊዜ ልጆቿን የጣለችው ተወግዳለች። ወንዱ ተቀይሯል፤ አዲሱ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ ክብደቱ ተመዝኖ የተገዛ ነው። የሚያስጠቁት በትእዛዝ ነው። በአካባቢው የሚሠሩ ጥቂት የውጭ አገር ዜጎች በስልክ ያዝዛሉ፤ ጥንቸሏን ከነሕይወቷ ወስደው ራሳቸው ያርዳሉ። ይህ የማኅተሙንም የድስቱንም ጣጣ አስቀርቷል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ገቢውም የቤቱ ሁለተኛ ሳይሆን አራተኛ ነው። ኩሱ ግን ያልታሰበ ጥቅም አምጥቷል። እንደ ዶሮ ኩስ አትክልት አያቃጥልም፤ ከነትኩሱ የቃሪያና የቆስጣው መደብ ላይ ይጨመራል። አክስቴ ከጥንቸሎቹ ሁሉ የወደዱት ይህን ነው።

ልጁ አሁን በዙሪያው ካሉ ሦስት አርቢዎች ጋር እየተነጋገረ ነው። ሐሳቡ አራቱም በየሳምንቱ ተራ ገብተው እንዲያስጠቁ፣ ስለዚህም በየሳምንቱ አንድ ቤት ሥጋ እንዲኖረው ነው። የሆቴሉ የመጀመሪያ ጥያቄ በዚህ ይመለሳል። ለክብደቱ ከአልፋልፋው ጋር የሚሰጠውን ፋጉሎ ከፍ አድርገው በሁለት መንጋ እየሞከሩ ነው፤ ከአምስት ወር ወደ አራት ወርዷል። የእርድ ክፍሉን በተመለከተ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ጽፈዋል፦ የራሱ ውሃ፣ የራሱ ፍሳሽ፣ የራሱ ቢላና መስቀያ ያለው አንዲት ትንሽ ክፍል ከጋጣው ጀርባ። መልስ እስኪመጣ ከሦስቱ እናቶች ውጪ አራተኛ አይጨምሩም።